የከታቢው ክንድ፤ ስለ ጤና ባለሙያ ጥርጣሬና ኃላፊነት

የሰው ልጅ ከበሽታ ጋር ያደረገው ትግል ከጽሑፍ ታሪኩ የረዘመ ነው። በዚህ ረጅም ትግል ውስጥ በሽታን እንደ ግል ጉዳይ አድርጎ የመመልከት ልማድ ሥር ሰድዶ ቆይቷል። ቁርጥማት የያዘው ሰው ቁርጥማቱ የራሱ ነው፤ ዓይኑ የፈዘዘበትም ብርሃን ያጣው ለራሱ ነው። ጎረቤት ሊያዝንለት፣ ሊጠይቀውና ሊያስታምመው ይችላል፤ ሕመሙን ግን አይጋራውም። ወረርሽኝ ይህን ልማድ ከመሠረቱ ይንደዋል። በወረርሽኝ ጊዜ የአንዱ ትንፋሽ የሌላው ዕጣ ይሆናል፤ በሩን ዘግቶ የተቀመጠው ሰው እንኳ ውሃውንና እህሉን በሚያቀብለው ሰው ጤንነት ላይ የተመሠረተ ሕይወት ይኖራል። በመሆኑም በደኅናው ጊዜ ማንም የማይከራከርበት «ሰውነቴ የራሴ ነው» የሚለው አነጋገር፣ በወረርሽኝ ጊዜ ለምርመራ የሚቀርብ ጥያቄ ይሆናል።

ይህ ጥያቄ ከማንም ይልቅ የሚበረታው በጤና ባለሙያው ላይ ነው። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ አዋላጇ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛው፣ የሕሙማንን አልጋ የምታነጥፈው ጽዳት ሠራተኛና ከቤት ቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሌላው የሚሰጡትን ወይም ሲሰጥ የሚያግዙትን ክትባት ለራሳቸው ለመቀበል ቢያመነቱ፣ ድርጊታቸው በምን ይመዘናል? የግል ነጻነት ነውን? ወይስ የሙያ ክሕደት? ለዚህ ጥያቄ በችኮላ የሚሰጡ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው «መብታቸው ነው፤ ተዉአቸው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ግዴታቸው ነው፤ አስገድዱአቸው» የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄውን ከመመርመር ይልቅ ከጥያቄው ለመገላገል የሚሹ መልሶች ናቸው።

ከመጋቢት እስከ መጋቢት

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ዓለም አቀፉን የክትባት ድልድል ይመራ በነበረው በኮቫክስ አማካይነት የተላከው የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን የአስትራዜኒካ ክትባት አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሽታው በተረጋገጠ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ክትባቱ መሰጠት ተጀመረ። ቅድሚያ ከተሰጣቸው ወገኖች ግንባር ቀደሞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ያ ሳምንት በዓለም ዙሪያ ሌላ ወሬ የሚነገርበት ሳምንት ነበር። ከሁለት ቀን በፊት፣ መጋቢት 2 ቀን፣ ዴንማርክ ያንኑ የአስትራዜኒካን ክትባት መስጠቷን ለጊዜው አቋርጣ ነበር። ኢትዮጵያ በጀመረች በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 6 ቀን፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ የዴንማርክን ፈለግ ተከተሉ። ምክንያቱም ከተከተቡት መካከል በጥቂት ሰዎች ላይ ያልተለመደ ዓይነት የደም መርጋት መታየቱ ነበር። መጋቢት 9 ቀን የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት የክትባቱ ጥቅም ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አስታወቀ፤ መጋቢት 29 ቀን ደግሞ ይኸው የደም መርጋት እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ የጎንዮሽ ጉዳት ተብሎ እንዲመዘገብ አደረገ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ በዚያ ሳምንት በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተረኛ የነበረች ነርስ የነበረችበትን ሁኔታ መገመት አያዳግትም። በአንድ ጆሮዋ «ቅድሚያው ለአንቺ ነው» ትባላለች፤ በሌላው ጆሮዋ ሀብታሞቹ አገሮች ያንኑ ክትባት ማቆማቸውን ትሰማለች። ብታመነታ ማመንታቷን ድንቁርና ብሎ መጥራት ፍትሕ አይሆንም። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች መካከል የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ደጋግመው የመዘገቧቸው የማመንታት ምክንያቶች ተቀራራቢ ነበሩ። ስለ ክትባቱ ደኅንነት መሥጋት፣ ክትባቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ መሠራቱ ያሳደረው ጥርጣሬ፣ በቂ መረጃ አለማግኘት፣ በማኅበራዊ መገናኛ የሚናፈሰው ወሬና «ወጣት ነኝ፤ በሽታው አይጎዳኝም» የሚል እምነት ይገኙባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ባወጣው መግለጫ፣ ከ119 አገሮች በተገኘ መረጃ መሠረት፣ ከጤና ባለሙያዎች በአማካይ ከ5ቱ 2ቱ ክትባታቸውን አሟልተው እንደነበረና በአፍሪካ ግን ይህ ቁጥር ከ10 አንድ እንኳ እንዳልሞላ ገልጿል። ለዚህ ልዩነት ዋነኛው ምክንያት የአፍሪካ ባለሙያ ጥርጣሬ አልነበረም፤ የክትባቱ እጥረት ነበር። ሀብታሞቹ አገሮች ከሕዝባቸው ቁጥር የሚበልጥ ክትባት አስቀድመው ሲገዙ፣ የድሆቹ አገሮች ድርሻ በልመናና በጥበቃ የሚገኝ ሆኖ ነበር። ያላገኘውን እምቢ እንዳለ አድርጎ መክሰስ በበደል ላይ በደል መጨመር ነው። የግብረ ገብ ጥያቄው በትክክል የሚነሣው ክትባቱ ከፊቱ ቀርቦለት እጁን በሰበሰበው ባለሙያ ላይ ብቻ ነው።

የመርካው ወጥ ቤት ሠራተኛ

የጥርጣሬው ታሪክ ከኮሮና ቫይረስ የቀደመ ነው። በአማርኛ ክትባት የሚለው ቃል የወጣበት ከተበ የሚለው ግሥ በግእዝ ጻፈ ማለት ሲሆን፣ በአንገት የሚታሰረው ክታብም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። የቃሉ ዝምድና በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። በጥንቱ ዘዴ ቆዳን ጫር ጫር አድርጎ የፈንጣጣን መግል ማስገባት በሰውነት ላይ የመጻፍ ያህል ነበርና። በኢትዮጵያም ይህ ዘዴ ዘመናዊው ሕክምና ከመስፋፋቱ በፊት ይሠራበት እንደነበረ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩ መንገደኞች ጽፈዋል። ሰው ቆዳው ላይ እንዲጻፍበት የሚፈቅደው ጸሐፊውን ካመነ ብቻ ነው። ጸሐፊው ራሱ ባያምንስ?

ለዚህ ጥያቄ ታሪክ ያስቀመጠው አንድ ምሳሌ ከኢትዮጵያ ጎረቤት ይገኛል። ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት የተደረገው ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ተራራውንና በረሃውን አቋርጠው በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሽታውን ከአገሪቱ አጥፍተውታል። የቀረው የመጨረሻ ምሽግ ሶማሊያ ነበረች። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በመርካ ከተማ ሁለት የፈንጣጣ ሕሙማን ሕፃናትን የጫነ መኪና ወደ ለይቶ ማቆያው ሰፈር የሚወስደውን መንገድ ለማወቅ በከተማው ሆስፒታል በር ላይ ቆመ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረው የ23 ዓመቱ ዓሊ ማው ማሊን መንገዱን ለማሳየት ወደ መኪናው ገባ። ጉዞው ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም ነበር። ሆኖም ከቀናት በኋላ ትኩሳት ያዘው፤ መጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎ ጉድፍ ተብሎ ታከመ፤ በመጨረሻ ፈንጣጣ መሆኑ ታወቀ። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ተብሎ በታሪክ የተመዘገበው እርሱ ነው።

የዚህ ሰው ታሪክ ለጉዳዩ የሚጠቅመው ማሊን አስቀድሞ ለጥቂት ጊዜ በዚያው በፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ከታቢ ሆኖ የሠራ ሰው በመሆኑ ነው። ሌላውን ከትቧል፤ ራሱ ግን መርፌው ያማል ብሎ ስለፈራ በአግባቡ ሳይከተብ ቀርቷል። በሆስፒታሉ ውስጥ ሲሠራም ይህን ያወቀበት አልነበረም። ማሊን በሽታውን ለማንም ሳያስተላልፍ ዳነ፤ ይህ የሆነው ግን ከእርሱ ጋር የተገናኙትን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጎ በመከታተልና በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ50 ሺህ የሚበልጡ የመርካና የአካባቢዋን ነዋሪዎች በመከተብ ነበር። የአንድ ሰው ክንድ ሳይከተብ በመቅረቱ የአንድ ከተማ ሕዝብ ክንዱን መዘርጋት ነበረበት። ፈንጣጣ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በዓለም ጤና ጉባኤ የታወጀው ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው።

ማሊን ስለ ክትባት ጥቅም ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ ለሌሎች የሚያስረዳው እርሱ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ዕውቀትና መቀበል አንድ አለመሆናቸውን ነው። አእምሮ ያመነውን ክንድ ሊፈራው ይችላል። ስለሆነም «ባለሙያ ነውና ሊጠራጠር አይገባውም» የሚለው ፍርድ የሰውን ባሕርይ የዘነጋ ፍርድ ነው። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ማሊን በኋለኛ ዕድሜው የሠራው ሥራ ነው። ሶማሊያ ውስጥ ለፖሊዮ ማጥፊያ ዘመቻ በበጎ ፈቃደኝነት ሲሠራ፣ ለሚያመነቱት ወላጆች የሚነግራቸው የራሱን ታሪክ ነበር፤ መፍራቱንና ፍርሃቱ ያመጣበትን አልደበቀም። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. በዚሁ ሥራ ላይ እያለ በወባ ታምሞ ዐረፈ። በወጣትነቱ የተደበቀው ፍርሃት ከተማን አሠጋ፤ በጎልማሳነቱ የተገለጠው ፍርሃት ብዙ ሕፃናትን አስከተበ።

ራስን የበሽታ መንገድ አድርጎ ማየት

የጤና ባለሙያን ከሌላው ሰው የሚለይ ሌላ እንቅፋትም አለ፤ እርሱም የሙያ ኩራት ነው። ይህን ለመረዳት እ.ኤ.አ. የ1847 ዓመትን የቪየና ከተማ ሆስፒታል ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል፣ አዋላጆች ከሚያዋልዱበት ይልቅ በብዙ የሚበልጡ እናቶች በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር ብቻ በሐኪሞቹ ክፍል ከ100 እናቶች 18ቱ ሞተዋል። ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ ምክንያቱን መርምሮ አገኘው፤ ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው እጃቸውን በሚገባ ሳያጸዱ ወደ ወላዶች ይመጡ ነበር። በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያስገድዳቸው የሟቾቹ ቁጥር በጁን ወር ከ100 ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ማስረጃው ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ያልተቀበሉበት አንዱ ምክንያት የጀርም ሳይንስ ገና አለመዳበሩ ነበር፤ ሌላው ግን ለማዳን የተዘረጋው የራሳቸው እጅ ገዳይ መሆኑን ማመን መራራ ስለሆነባቸው ነው። ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1865 ዓመት በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ፤ እጅ መታጠብ ግን በመላው ዓለም ሕግ ሆነ።

ይህ ምሳሌ ወደ ክትባቱ ጥያቄ ይመልሰናል። የጤና ባለሙያ በሽታን ከሕመምተኛው ዘንድ የሚፈልግ እንጂ በራሱ ላይ የሚፈልግ አድርጎ ራሱን አይሥልም። ነጩ ጋወን በሽታን የሚያቆም ግድግዳ ይመስለዋል፤ እንዲያውም በወረርሽኝ ጊዜ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሻገር ድልድይ ሊሆን ይችላል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት በሌላ ጊዜ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይበቃው ነበር። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ተረቱ ይጎድላል። ድስቱ አንድ ነውና የእርሷ ሲያር የሰውም አብሮ ያርራል።

ሦስቱ መከራከሪያዎች

የሚያመነታው ባለሙያ የሚያቀርባቸው መከራከሪያዎች በአክብሮት መሰማትና በእውነት መመርመር አለባቸው።

የመጀመሪያው «ማንም ያለ ፈቃዱ አይወጋም» የሚል ነው። ይህ መርሕ የሕክምና ሥነ ምግባር ምሰሶ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ዓመት የተደነገገው የኑረምበርግ ደንብ የተመረማሪውን ነጻ ፈቃድ ከሁሉ በፊት አስቀምጦታል። ደንቡ የተጻፈው ግን በሰው ላይ ለሚደረግ ሙከራ ነው። የአስትራዜኒካ ክትባት ለኢትዮጵያ ሲደርስ የሙከራ ደረጃዎቹን አልፎ በዓለም ጤና ድርጅት ለአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት ተፈቅዶ ነበር። ያም ሆኖ የፈቃድ መርሕ ለሕመምተኛው ሲሆን የተቀደሰ፣ ለባለሙያው ሲሆን የተናቀ ሊሆን አይገባም። የባለሙያው ፈቃድ ይከበራል፤ ከፈቃዱ ጋር ግን የፈቃዱ ውጤትም የእርሱ ነው። ሕመምተኛው ማን እንደሚያስታምመው አይመርጥም፤ ባለሙያው ግን ሙያውን መርጧል። የመረጠው ሰው ካልመረጠው ሰው ይልቅ ኃላፊነት አለበት።

ሁለተኛው «ክትባቱ በጥድፊያ የተሠራ ነው» የሚል ነው። ሥራው ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን መነሻው ከባዶ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ2003ቱ የሳርስ ወረርሽኝ ጀምሮ ሳይንቲስቶች በዚህ የቫይረስ ቤተሰብ ላይ ሲመራመሩ ቆይተዋል፤ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎችም ያንኑ ዘዴ ቀደም ሲል ለሌላ የኮሮና በሽታ ሞክረውት ነበር። ጊዜው ያጠረው የሙከራው ደረጃዎች ጎን ለጎን ስለሄዱ፣ ገንዘብም አስቀድሞ ስለወጣ ነው። ሙከራዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችን አሳትፈዋል። ይሁንና በአሥር ሺዎች ላይ የማይታይ ጉዳት በሚሊዮኖች ላይ ሊታይ እንደሚችል የደም መርጋቱ ጉዳይ አሳይቷል። ስለዚህ ለዚህ ተከራካሪ የሚሰጠው እውነተኛ መልስ «ምንም አደጋ የለም» አይደለም። «አደጋው ይህን ያህል ነው፤ የበሽታውም አደጋ ይህን ያህል ነው፤ ሁለቱን በሚዛን ላይ አስቀምጥ» የሚል መሆን አለበት።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉ የጠነከረ ነው፤ «ክትባቱ በሽታውን ከማስተላለፍ ፈጽሞ አይከለክልም» ይላል። እውነት ነው። ክትባቶቹ ከጽኑ ሕመምና ከሞት በብርቱ ቢጠብቁም፣ ከመያዝና ከማስተላለፍ የሚሰጡት መከላከያ በጊዜ ይደክማል፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ከታወቀ ወዲህ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል። ክትባቱ የመጨረሻው ግድግዳ እንደሆነ አድርገው የሰበኩ ሁሉ በዚህ ጊዜ ተአማኒነታቸው ተጎድቷል፤ ያልተጨበጠ ተስፋ መስጠትም የራሱ ዋጋ እንዳለው ታውቋል።

ታዲያ የባለሙያው ግዴታ በዚህ ወደቀን? አልወደቀም፤ መሠረቱ ተለወጠ እንጂ። የማስተላለፉ ዕድል ለጥቂት ወራትም ቢሆን መቀነሱ፣ በአልጋ ላይ ላለ ደካማ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ ባለሙያው ራሱ የሕዝብ ሀብት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዩዌሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 ባለው ጊዜ ብቻ በመላው ዓለም ከ80 ሺህ እስከ 180 ሺህ የሚደርሱ የጤና ባለሙያዎች በዚህ በሽታ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። ሐኪም በበዛበት አገር የአንድ ሐኪም መታመም የተራ ለውጥ ያስከትላል፤ አንዲት አዋላጅ ብዙ ቀበሌዎችን በምታገለግልበት አገር ግን የእርሷ መውደቅ ወላዶቹን ያለ አዋላጅ ያስቀራል። ራስን መጠበቅ እዚህ ላይ ራስን መውደድ መሆኑ ቀርቶ ተራን አለመልቀቅ ይሆናል።

ግዳጅና ፈቃድ

አንዳንድ መንግሥታት ጥያቄውን በሕግ ለመቁረጥ ሞክረዋል። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ባወጣችው ድንጋጌ የጤና ባለሙያዎች እንዲከተቡ ግዴታ ጣለች። ፈረንሳይ በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ተመሳሳይ ሕግ አጽድቃ፣ በሴፕቴምበር ወር ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ ማግሥት ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች መታገዳቸው ተገለጠ፤ የታገዱት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ነው። እንግሊዝ ደግሞ ለጤና ሠራተኞቿ ያዘጋጀችውን ግዴታ በሥራ ላይ ሊውል ሳምንታት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ሰርዛዋለች፤ ኦሚክሮን ሁኔታውን ለውጦት፣ የሠራተኛ እጥረትም አሥግቶ ነበርና።

ከነዚህ ልምዶች መረዳት የሚቻለው፣ ግዳጅ የተከታቢውን ቁጥር ሊያሳድግ እንደሚችል ነው። ነገር ግን ግዳጅ የሚደርሰው እስከ ክንድ ድረስ ነው፤ እስከ አንደበት አይደርስም። ተገዶ የተከተበ ነርስ ጎረቤቱ ሲጠይቀው «እኔስ እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው፤ አንተ ግን እንዳትነካት» ሊል ይችላል። በዚህ ሹክሹክታ የሚጠፋው ክንድ በሕጉ ከተገኘው ክንድ ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ አይሠራም። በወረርሽኝ ጊዜ መከራው እምቢ ባዩን ከመምከሩ አስቀድሞ ሕመምተኛውን ሊመክረው ይችላልና።

ስለዚህ የግብረ ገቡ ወሰን መሰመር ያለበት በተከተበውና ባልተከተበው መካከል ሳይሆን፣ ጥርጣሬውን በብርሃን ባወጣውና በጨለማ ባኖረው መካከል ነው። ጥርጣሬ ያለው ባለሙያ ጥርጣሬውን ለባልደረቦቹና ለአለቆቹ በግልጽ ማቅረብ፣ ማስረጃውን መመርመርና መወሰን ይጠበቅበታል። መርምሮም እምቢ ካለ፣ በመከላከያ መሣሪያና በተደጋጋሚ ምርመራ እየተጠበቀ፣ ከደካሞቹ ሕሙማን አልጋ ራቅ ብሎ ለመሥራት መፍቀድ አለበት። የማይገባው ግን ቀን በአደባባይ «ተከተቡ» እያለ ማታ በጓዳ «አልተከተብኩም፤ እናንተም ተጠንቀቁ» ማለት ነው። ይህ ከጥርጣሬም ከድፍረትም አይቆጠርም፤ የሕዝብን እምነት በሁለት ወገን መሸጥ ነው። ያልተከተበ ከታቢ ዝም ቢል እንኳ ክንዱ ይናገራል፤ ሰውም ከቃሉ ይልቅ ክንዱን ይሰማል።

ይህ ግዴታ ግን አንድ ወገን ብቻ የሚሸከመው አይደለም። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት በብዙ አገሮች የጤና ባለሙያዎች ጭንብልና ጓንት እንኳ ሳይሟላላቸው ወደ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። በዚያ ጊዜ ያልጠበቃቸው አስተዳደር ክትባት ይዞ ሲመጣ «የምጠብቃችሁ እኔ ነኝ» ቢል በቀላሉ አይታመንም። እምነት የሚገነባው ከወረርሽኙ በፊት፣ ደመወዝ በወቅቱ በመክፈል፣ መሣሪያ በማሟላት፣ ጥያቄ የጠየቀን ሠራተኛ ባለማሳፈር ነው። ከክትባት በኋላ የሚያመውን ሰው የሚያሳርፍ፣ የተጎዳውን የሚያክምና ቤተሰቡን የማይጥል ተቋም «ተከተቡ» ለማለት የሞራል ብቃት አለው። ከባለሙያው መስዋዕትነትን የሚጠይቅ ተቋም አስቀድሞ እውነትን ሊሰጠው ይገባል።

የመምህሩ፣ የኃላፊውና የከያኒው ድርሻ

በዚህ ረገድ የመምህራን፣ የሥራ ኃላፊዎችና የከያንያን ድርሻ ቀላል አይደለም። ስለ ጤና በሚሠሩ አጫጭር ድራማዎች፣ ፖስተሮችና የሬዲዮ ጭውውቶች ውስጥ የጥርጣሬ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ለገበሬው ወይም ለአሮጊቷ ይሰጣል። ነጭ ጋወን የለበሰው ገጸ ባሕርይ ሁሉን ያወቀ፣ የማይፈራና የማያመነታ ሆኖ ይቀርባል፤ በመጨረሻም ገበሬው ተጸጽቶ ክንዱን ይዘረጋል። እንዲህ ያለው ሥራ ዓላማው በጎ ቢሆንም ሰውን አያሳይም። ተመልካቹ በጤና ጣቢያው የሚያውቃትን እውነተኛዋን ነርስ፣ ሌሊቱን ተረኛ ሆና ያደረችውን፣ ልጆቿን የምታስበውን፣ የሰማችው ወሬ ያስፈራትን ሴት በመድረኩ ላይ ስለማያገኛት፣ የመድረኩን ቃል እንደ ማስታወቂያ ሰምቶ ያልፈዋል።

ከያኒው ሊያሳየው የሚገባው ከፍርሃቷ ጋር ታግላ፣ ጠይቃ፣ ሚዛኑን አይታ እጅጌዋን የምትሰበስበውን ነርስ ነው። ቆራጥነት የሚታየው የሚፈራ ነገር ባለበት ነውና። መምህሩም ለተማሪዎቹ የክትባትን ጥቅም ሲያስተምር፣ ሳይንስ ስሕተቱን እየመረመረ የሚሄድ ሥራ መሆኑን አብሮ ቢያስተምር፣ ነገ አዲስ የጎንዮሽ ጉዳት ሲሰማ ተማሪው ሁሉን ውሸት ነበር ብሎ አይደመድምም። ኃላፊውም ስብሰባ ጠርቶ የተከተቡትን ቁጥር ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ ያልተከተቡት ምን እንደሚሉ ቢያዳምጥ፣ በሪፖርት የማይገኝ ነገር ያገኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሥጋትነት ያነሣው እ.ኤ.አ. በሜይ 5 ቀን 2023 ነው። የወረርሽኝ ዘመን ግን በዚህ አልተዘጋም፤ ሌላ በሽታ፣ ሌላ ክትባት፣ ሌላ ጥርጣሬ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የማይጠራጠር ባለሙያ ሊሆን አይችልም፤ እንዲህ ያለ ሰው በሳይንስ ቤት አይገኝም፤ ቢገኝም አደገኛ ነው። የሚያስፈልገው ጥርጣሬውን እንደ በሽታ ምልክት ቆጥሮ ሳይደብቅ የሚያስመረምር ባለሙያና፣ ያለ ቁጣ የሚመረምርለት ኅብረተሰብ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማይገኝለት አባቶች ተናግረዋል፤ ጥርጣሬውን የደበቀም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ደባቂው ከታቢ በሆነ ጊዜ መድኃኒት የሚታጣው ለእርሱ ብቻ ሳይሆን በእርሱ እጅ ለሚታመኑት ሁሉ መሆኑ ነው።